ስለ ጨለማ ወራት ድባቴና መድኃኒትን ስለ መለወጥ



በአገራችን ልማድ አንድ ሰው ራሱን ቢያመው ወይም ወገቡን ቢይዘው ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ይጠይቀዋል፤ ይጠቅመዋል ያለውንም ሁሉ ይነግረዋል። ልቤ ጨለመብኝ፤ ከመኝታዬ ለመነሣት ኃይል አጣሁ ያለ እንደ ሆነ ግን አንዳንዱ ስንፍና ነው ይለዋል፤ አንዳንዱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከዚያ የከፋ ስም ይሰጠዋል። ስለዚህም እንዲህ ያለ በሽታ ያገኘው ሰው ከቤቱ ውጭ ላለ ሰው መናገርን አይወድም። እኔ ግን ይህ በሽታ የታመመውን ሰው ብቻ ሳይሆን ሚስቱንና ልጆቹን፣ በሩቅ አገር ያሉትን እናቱንም ጭምር የሚነካ ሆኖ ስላየሁት፣ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ቢጻፍ የሚገባ መስሎ ታየኝ።

የምኖረው በሰሜን አሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትል በምትባለው ከተማ ነው። ከአገሬ ከወጣሁ 14 ዓመት ሆነኝ፤ ሥራዬም የአንድ ንግድ ቤት ሒሳብ መያዝ ነው። በዚህች ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ እንጀራውም፣ ቡናውም፣ የበዓሉ ጥሪም አይጐድለንም። የሚጐድለን ፀሓይ ነው። ከተማዪቱ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን በ47 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ስለምትገኝ፣ በታኅሣሥ 12 ቀን አካባቢ ፀሓይ በእኛ የሰዓት አቈጣጠር ለ2 ሰዓት አምስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ወጥታ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ላይ ትጠልቃለች። በሰኔ ወር 16 ሰዓት ያህል የነበረው ቀን በታኅሣሥ ከ8 ሰዓት ተኩል አይሞላም ማለት ነው። በዚያችም አጭር ቀን ላይ ደመናው እንደ ጣራ ተዘርግቶ ይውላል። አዲስ አበባ ግን በ9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከዓመቱ ረጅም ቀንና ከአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። በእንዲህ ያለ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው፣ ቀን የሚባለው ነገር ሊያጥርና ሊረዝም እንደሚችል በመጽሐፍ ቢያነብ እንኳ በሰውነቱ አያውቀውም።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልናገር። የፈረንጆቹን የብርድ ወራት በአማርኛ ክረምት ብለን እንጠራለን። ነገር ግን የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ጊዜ ሲሆን፣ የእነርሱ ክረምት የሚውለው ከታኅሣሥ ጀምሮ ባለው፣ ለእኛ መኸር ተሰብስቦ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ገናና ጥምቀት በሚከበርበት በብሩህ በጋ ነው። ስለዚህ አንድ ስም ለሁለት ተቃራኒ ነገር ሆኖ ያሳስተናል። እናቴ በስልክ ድምፄ መዳከሙን ሲሰሙ፣ «አይዞህ ልጄ፣ ክረምት ነው፤ መስከረም ሲጠባ ይለቅሃል» ይሉኝ ነበር። በእኔ ላይ ግን ሕመሙ የሚጀምረው መስከረም ጠብቶ፣ በአገራችን አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው ነው። የሚለቀኝም በመጋቢት ማለቂያ ነው።

የሕመሙን ጠባይ ለማያውቁት ሰዎች ጥቂት ላስረዳ። ብዙ ሰው ድባቴ ሲባል እንቅልፍና ምግብ የሚያሳጣ ብቻ ይመስለዋል። ይህ በጨለማ ወራት የሚመላለሰው ዓይነት ግን ብዙውን ጊዜ በተቃራኒው ነው። ሰውየው ዐሥር ሰዓት ተኝቶ ሳያርፍ ይነሣል፤ ዳቦና ጣፋጭ ያምረዋል፤ ሰውነቱ ይከብዳል፤ እጅና እግሩ እርሳስ የታሰረበት ይመስለዋል። ከዚህም ጋር ደስ ይለው የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕሙን ያጣበታል። እኔ በኅዳር ወር ልጆቼ ከትምህርት ቤት መጥተው ሲነግሩኝ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ የሚሉት ወደ ልቤ አይገባም ነበር። የሒሳብ መዝገብም ፊት ተቀምጬ አንዱን መስመር አራት ጊዜ እደምራለሁ። በሚያዝያ ግን ያው ሰው ተመልሼ ማለዳ ተነሥቼ አትክልት እኮተኵታለሁ። ይህ በየዓመቱ ጊዜውን ጠብቆ መምጣቱና መሄዱ ነው ከሌላው ድባቴ የሚለየው።

ነገሩ በሐኪሞች ዘንድ ስም ያገኘው በቅርብ ጊዜ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ።) በ1980 አልፍሬድ ልዊ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ፣ ኃይለኛ ብርሃን በሰው አንጎል ውስጥ በሌሊት የሚመነጨውን ሜላቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር እንደሚገታ አሳዩ። ከዚህም በኋላ የራሱን ስሜት ለብዙ ዓመት በማስታወሻ ደብተር ሲመዘግብ የኖረ አንድ መሐንዲስ ወደ እነርሱ መጥቶ በብርሃን ታከመ፤ ተሻለውም፤ የእርሱም ነገር በ1982 ታተመ። በ1984 ኖርማን ሮዘንታል የሚባለው፣ በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ ወደ አሜሪካ የመጣ ሐኪም፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በሽታውን ለይቶ ገለጸው። እርሱም ራሱ ፀሓይ ከማይታጣበት ከጆሃንስበርግ ወደ ኒውዮርክ በመጣ ጊዜ የብርዱ ወራት ጉልበቱን እንዳሳጣው ተናግሯል። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ፣ ነገሩን አጥርቶ ያየው ከሩቅ የመጣ እንግዳ መሆኑ ብዙም አላስገረመኝም።

ምክንያቱ ሙሉ በሙሉ ተመርምሮ ባያልቅም፣ የሚታወቀው ይህ ነው። በአንጎላችን ውስጥ የሰውነታችንን ጊዜ የሚቈጥር እንደ ሰዓት ያለ ክፍል አለ፤ ይህም ሰዓት በየጧቱ የሚቃናው በዓይን በሚገባው ብርሃን ነው። ጧቱ ሲዘገይና ሲደበዝዝ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሰውነቱም ገና ሌሊት ነው ብሎ ሳለ ሰውየው ወደ ሥራው ይሄዳል። በቤት ውስጥ የምናበራው መብራት ለዚህ አይበቃም። ብርሃን የሚለካው ሉክስ በሚባል መስፈሪያ ሲሆን፣ የአንድ ተራ ሳሎን መብራት ከ100 እስከ 300 ሉክስ ሲሆን፣ በእኩለ ቀን የፀሓይ ብርሃን ግን እስከ 100,000 ይደርሳል።

ወደ መድኃኒቱ ልመለስ። ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪሜ ሰርትራሊን የተባለውን ኪኒን አዘዙልኝ። ይህ መድኃኒት በአሜሪካ ከ1991 ጀምሮ የተፈቀደ፣ ሴሮቶኒን የሚባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ሕዋሳት መካከል ቶሎ እንዳይጠፋ የሚያደርግ ነው። ሥራውን የሚጀምረው እንደ ራስ ምታት ኪኒን በሰዓት አይደለም፤ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ያስጠብቃል። በእኔ ላይ በአራተኛው ሳምንት ገደማ ክብደቱ ተነሣልኝ። ይህን ውለታውን አልክድም፤ በዚያ ዓመት ሥራዬን ሳላጣ የቀረሁት በእርሱ ምክንያት ነው። ነገር ግን ኀዘኑን ሲያደነዝዘው ደስታውንም አብሮ አደነዘዘብኝ። ቀኑን ሙሉ አዛጋለሁ፤ ክብደቴም ጨመረ። ደግሞም በባልና በሚስት መካከል ያለውን መቀራረብ አቀዘቀዘው። ይህ ነገር በአደባባይ የሚነገር ባይሆንም፣ እንዲህ ያለው መድኃኒት በብዙ ሰው ላይ ይህን እንደሚያመጣ ሐኪሞች የሚያውቁት ስለሆነ፣ በዝምታ ቤቱን የሚያፈርስ ሰው እንዳይኖር ብዬ ጻፍሁት።

ባለቤቴ ሁለት የብርድ ወራት ታገሠች። ባለፈው ነሐሴ ግን አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሻይ ቀድታልኝ፣ «እኔ አንተ ታመምህ ብዬ አላማርርም። መድኃኒቱን ተወው ማለቴም አይደለም። ነገር ግን ያለ እርሱ ስትተክዝ አጠገቤ ነበርህ፤ አሁን ከእርሱ ጋር ደኅና ሆነህ ሩቅ ነህ። ሌላ የለም ወይ ብለህ ጠይቅልኝ» አለችኝ። ንግግሯ ቍጣ ቢኖረው ይቀለኝ ነበር።

ስጠይቃቸው ሐኪሜ ቡፕሮፒዮን ስለሚባል ሌላ መድኃኒት ነገሩኝ። ይህ ሴሮቶኒንን ሳይሆን ዶፓሚንና ኖርኤፒነፍሪን የተባሉትን የሚያበረታ ስለሆነ፣ እንቅልፍ ከማብዛት ይልቅ ያነቃል፤ ክብደት አይጨምርም፤ የባልና የሚስቱንም ነገር እንደ ሌሎቹ አይጐዳም። ይልቁንም በ2006 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህንኑ በወራት የሚመላለሰውን ድባቴ አስቀድሞ ለመከላከል እንዲሰጥ ፈቅዶታል። ሰውየው ሕመሙ ሳይጀምረው በመጸው ይጀምርና፣ የብርዱን ወራት ጨርሶ በጸደይ መጀመሪያ ቀስ በቀስ ይተወዋል። ለፈቃዱ መሠረት የሆኑት ሦስት ምርመራዎች ከ1,000 በሚበልጡ በሽተኞች ላይ የተደረጉ ናቸው። መድኃኒቱን ከወሰዱት ከ100 ሰዎች ከ13 እስከ 19፣ ባዶውን ኪኒን ከወሰዱት ደግሞ ከ21 እስከ 30 የሚሆኑት ሕመሙ ተመለሰባቸው። ቍጥር መመርመር ሥራዬ ስለሆነ ይህን ብዙ ጊዜ አየሁት። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። ባዶ ኪኒን ከወሰዱትም መካከል በዚያ ዓመት ያልታመሙት ብዙዎቹ ናቸውና።

መድኃኒቱ አንድ አደጋ አለው። በ1985 ተፈቅዶ ሳለ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዳንድ ሰዎችን እንደሚጥል በሽታ ስላንቀጠቀጠ ከገበያ እንዲወጣ ተደርጎ፣ መጠኑ ተቀንሶ በ1989 ተመልሷል። በቀን እስከ 300 ሚሊግራም በሚወስዱት ላይ ይህ የሚደርሰው ከ1,000 ሰው በ1 ላይ ገደማ ነው። ቀድሞ የሚጥል በሽታ ለነበረበት ሰው ግን አይሰጥም፤ ራሱን ክፉኛ ተመትቶ የሚያውቅ፣ አብዝቶ የሚጠጣና መጠጡን በድንገት ያቋረጠ፣ ምግብ እየተወ ራሱን የሚያስርብ ሰውም አስቀድሞ መናገር አለበት። ስለዚህ ሐኪሜ ወረቀት ይዘው ይጠይቁኝ ጀመር። ትጠጣለህ ወይ? በበዓል ጠጅ እቀምሳለሁ አልሁ። ጫት ትቅማለህ ወይ? የለም አልሁ። በልጅነትህ ተንቀጥቅጠህ ወድቀህ ታውቃለህ ወይ? የማስታውሰው የለም፤ እናቴን ልጠይቅ አልኋቸው።

በእሑድ ቀን ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለች እናቴን በስልክ ጠየቅኋቸው። እናቴ ነገርን የሚያዘገዩ ሴት አይደሉም፤ ያን ጊዜ ግን ዝም አሉ። ቀጥሎም «ማን አለ ከአንተ ጋር?» ብለው ጠየቁኝ። ባለቤቴ መኖሯን በነገርኋቸው ጊዜ፣ «እንግዲያስ ሌላ ቀን እንነጋገር» አሉ። በዚህ ነገር እንዳለ ዐወቅሁ። ባለቤቴም ዐወቀችና ስልኩን ተቀብላ፣ «እማማ፣ ልጅዎን የምናድንበት ነገር ስለሆነ እንጂ ለወሬ አይደለም። እኔ ሁለት ልጆች የወለድሁለት ሰው ነኝ፤ ከእንግዲህ ምን ሰምቼ እሄዳለሁ ብለው ነው?» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ተናገሩ። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ደምብያ ተመድበው ሳሉ፣ እኔ የአራት ዓመት ልጅ ሆኜ ንዳድ ያዘኝ። በሦስተኛው ቀን ትኵሳቱ ሲበረታ ዓይኔ ተገልብጦ፣ እጅና እግሬ ተንቀጥቅጦ፣ በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ ራሴን ሳትሁ። ከጤና ጣቢያው በመርፌ ድኜ ስነሣ፣ አባቴ በቤት ውስጥ የነበሩትን ሁሉ ሰብስበው ይህ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ ብለው አዘዙ። ምክንያታቸውን አንባቢ ያውቀዋል። በእኛ አገር የሚጥል በሽታ ያለበት ቤት ተብሎ ከተወራ፣ የሚጎዳው አንድ ልጅ ብቻ አይደለም፤ እኅቶቹም በጋብቻ ይታለፋሉ። አባቴ ልጆቻቸውን ሊጠብቁ ያደረጉት ነውና አልወቅሳቸውም። ነገር ግን በአንድ ቤት ውስጥ ለክብር ሲባል የተሰወረ ነገር፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በሌላ ክፍለ ዓለም፣ በአንድ ኪኒን ምክንያት የሚያስፈልግ ሆኖ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል? ስንቱ ቤት እንዲህ ያለ የታሸገ ነገር ይኖረው ይሆን? በየቤታችሁ ያሉትን ሽማግሎችና እናቶች በሕይወት ሳሉ ብትጠይቁ ጥሩ ነው።

ሐኪሜ ይህን በሰሙ ጊዜ ነገሩን ሳያጋንኑና ሳይንቁ መዘኑት። በልጅነት በኃይለኛ ትኵሳት መንቀጥቀጥ ራሱ የሚጥል በሽታ እንዳልሆነ፣ ብዙ ልጆችም አንድ ጊዜ አግኝቷቸው ዳግመኛ እንደማያገኛቸው ነገሩኝ። ነገር ግን ንዳድ ወደ አንጎል የወጣ እንደ ሆነ ጠባሳ ትቶ ሊሄድ ስለሚችል፣ በአንድ ሌሊትም ሁለት ጊዜ ስለሆነ፣ የነርቭ ሐኪም ሳያየኝና የአንጎሌ ሞገድ ሳይመረመር ቡፕሮፒዮንን አላዝም አሉ። እኔም በዚህ ተስማማሁ። ከ1,000 አንድ የተባለው ቍጥር ለሌላው ሰው ነው እንጂ ለእኔ የተቈጠረ አይደለምና። መኪና እየነዳሁ ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርስ ሰው ነኝ።

ታዲያ እስከዚያ ምን ይደረግ? ወዳጆቼ ልዩ ልዩ ምክር ሰጡኝ። አንዱ በጀርመን አገር ብዙ ሰው የሚወስደውን፣ ቢጫ አበባ ያለውን የቅዱስ ዮሐንስ ቅጠል የሚባለውን ዕፅ አመጣልኝ። ቅጠል ስለሆነ አይጐዳም የሚለው አሳብ በእኛም አገር የታወቀ ነው፤ ኮሶ ጠጥቶ ያደገ ሰው ግን ቅጠል ምን ያህል ኃይል እንዳለው መርሳት አይገባውም። ይህ ዕፅ ከሰርትራሊን ጋር ቢወሰድ ሴሮቶኒንን ከመጠን በላይ አብዝቶ አደጋ ያመጣል፤ ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒትና የወሊድ መከላከያውንም ኃይል ያደክማል። ስለዚህ አመስግኜ መለስሁለት። ሌላው ቫይታሚን ዲ ውሰድ አለኝ፤ ለአጥንት የሚጠቅም ነው፤ ድባቴን ለማዳኑ ግን ማስረጃው ደካማ ነው። የንስሓ አባቴን በጠየቅሁ ጊዜ፣ ጠበሉንም ጠጣ፣ የሐኪሙንም አትተው አሉኝ፤ ይህም ከሁሉ የቀለለ ምክር ሆነልኝ።

ሐኪሜ የመረጡት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የብርሃን ሣጥን ነው። 10,000 ሉክስ የሚሰጥ፣ ዓይንና ቈዳን የሚጐዳውን ጨረር የሚያስቀር መብራት ሲሆን፣ ሰውየው ከእንቅልፉ እንደ ተነሣ 30 ደቂቃ ያህል ከፊቱ ግማሽ ሜትር ገደማ ርቆ ይቀመጣል፤ መብራቱን አተኵሮ አያይም፤ ቍርሱን ይበላል ወይም ያነባል። በካናዳ ተደርጎ በ2006 የታተመ አንድ ምርመራ 96 በሽተኞችን ወስዶ ለግማሾቹ ይህን ብርሃን፣ ለግማሾቹ ፍሉኦክሰቲን የተባለውን ኪኒን ለስምንት ሳምንት ቢሰጥ፣ በሁለቱም ወገን ከ100 ሰው 67 የሚሆኑት ተሻሏቸው። ብርሃኑ ቶሎ ይሠራል፤ ቢተዉት ግን ቶሎ ይመለሳል። ሰውየው አንዳንድ ጊዜ ያለ ልክ የሚፈነጥዝና እንቅልፍ የሚያጣ ጠባይ ያለው እንደ ሆነ፣ ብርሃኑም ሆነ ኪኒኑ ይህን ሊያነሣበት ስለሚችል ያለ ሐኪም ፈቃድ አይጀምርም።

ሁለተኛው በንግግር የሚደረግ ሕክምና ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ለአንድ ለማላውቀው ሰው ምሥጢሬን የምዘከዝክ መስሎኝ ነበር፤ ሆኖም ሥራው ከዚያ ይልቅ የሒሳብ ምርመራን ይመስላል። ጨለማው ሲመጣ የምለውን፣ «እንግዲህ ስድስት ወር ሞቻለሁ» የሚለውን አሳብ በወረቀት ላይ አውጥተን እውነት መሆኑን እንመረምራለን፤ በየሳምንቱም ሳልወድ እንኳ ከቤት የምወጣበትን ነገር እንወስናለን። በቨርሞንት በ177 ሰዎች ላይ የተደረገ ምርመራ በ2016 እንዳሳየው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በመጣው የብርድ ወራት ሕመሙ የተመለሰባቸው በንግግር ከታከሙት ከ100 ሰው 27 ያህሉ ሲሆኑ፣ በብርሃን ከታከሙት ግን 46 ያህሉ ናቸው።

ሰርትራሊኑንም በአንድ ጊዜ አላቋረጥሁም። እንዲህ ያለ መድኃኒት በድንገት የተተወ እንደ ሆነ ራስን ያዞራል፤ እንቅልፍ ይነሣል፤ በጭንቅላት ውስጥ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚመስል ነገር ያመጣል። በሐኪሜ ትእዛዝ ከ100 ሚሊግራም ወደ 50 በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወረደ። በዚህ ጊዜ ባለቤቴ በየማታው የእንቅልፌንና የስሜቴን ነገር በደብተር ትጽፋለች። መድኃኒት ሲጀመርና ሲለወጥ፣ ይልቁንም ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች በሆኑት ላይ፣ ራስን የመጕዳት አሳብ ሊመጣ ስለሚችል የቤት ሰው መጠበቅ አለበት። በዚህ አገር እንዲህ ያለ አሳብ የመጣበት ሰው በሌሊትም ቢሆን በ988 ደውሎ ሰው ያገኛል።

ይህን የምጽፈው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ማለዳው መዘግየት ጀምሯል፤ እኔ ግን እስካሁን በሰዓቴ እነሣለሁ። ባለቤቴ ከደብተሯ ላይ ምን እንደ ጻፈች አልጠየቅኋትም፤ ባለፈው ቅዳሜ ግን በቀልድ ስስቅ አይታ ወዲያው ብዕሯን አነሣች። የነርቭ ሐኪሙ ቀጠሮ ለኅዳር 3 ቀን ተቈርጧል፤ ምርመራው ደኅና ሆኖ ከተገኘና ብርሃኑና ንግግሩ እስከ ታኅሣሥ እኩሌታ ካልበቁኝ፣ ስለ ቡፕሮፒዮን እንደገና እንነጋገራለን። እስከዚያው ድረስ የመብራቱን ሣጥን ጧት ጧት የምታበራልኝ ትልቋ ልጄ ናት፤ ከሁላችን አስቀድማ የምትነሣ እርሷ ናትና።